የካባው ቀለም

ሽማግሌዎቹ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚመጡ ለኤርካሎ የነገረችው ሚስቱ ሰገነት ናት። ስትነግረው ፊቱን አላየችም፤ ከገመድ ያወረደችውን አንሶላ እያጠፈች ነበር። መጽሐፉን ያዩታል፣ ካዩት በኋላ የሚሉትን ይላሉ፣ አንተ ግን ዝም በል አለችው። ባትለውም ኤርካሎ ዝም ማለት አያቅተውም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲኖር ከተናገረው የሰማው ይበልጣል። ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ልጁ፣ ስለ አማቱ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያወራለት እሱ ብሩሹን እንደያዘ ያዳምጣል፤ ሰውየው ሲጨርስ "እግዚአብሔር ያውቃል" ይልና ወደ ፊደሉ ይመለሳል።

ሥራው ማስታወቂያ መጻፍና መሣል ነው። ከሶዶ መናኸሪያ እስከ አረካ መግቢያ የእሱ እጅ ያላረፈበት የሱቅ በር ጥቂት ነው። ዛሬ ዛሬ የባነር ማተሚያው ገበያውን ቢሻማበትም፣ በባጃጁ ጀርባ ላይ አንበሳ የሚፈልግ ሰው አሁንም ወደ እሱ ይመጣል። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ሥዕል ያስተማሩት ሁለት መጻሕፍት ናቸው። ሽማግሌ የሚመጣውም ከሁለቱ በአንዱ የተነሣ ነው፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የቃልቻ ዕቃ ለማቃጠል ከሚነደው እሳት ይግባ ወይስ ይቅር ለማለት።

መጻሕፍቱ እጁ ከገቡ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ያኔ ኦቶና፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ በቀን ሥራ የብረት አልጋ ቀለም እየቀባ ቁጥር ይጽፍ ነበር። ጄኔሬተር ሊተክል የመጣ አንድ ፈረንሳዊ ምሳውን ሲበላ ከጉልበቱ የማይለያቸው ሁለት ትልልቅ የሥዕል መጻሕፍት ነበሩት። ኤርካሎ ከትከሻው በላይ አጮልቆ እንደሚያይ ያውቃል፤ እያወቀም ገጹን ቶሎ አይገልጥበትም። አገሩ ሲመለስ ሁለቱንም ሰጠው። በቋንቋ ተግባብተው አያውቁም ነበር።

አንደኛው ባለቀለም ነው፤ የአሜሪካ በረሃ፣ ባርኔጣቸው ዓይናቸውን የጋረደ ፈረሰኞች፣ ባቡር፣ ሽጉጥ። ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ ብቻ ሲሆን ውስጡ አንዲት ቃል የለበትም፤ ሰው ረግጦት የማያውቅ ዓለም፣ ያለ ምሰሶ ሰማይ ላይ የቆመ ከተማ፣ ከተራራ የሚበልጥ ባዶ ቅርፊት፣ ከሥሩ ጉንዳን የሚያህል መንገደኛ። በሁለቱ ሽፋኖች ላይ ያለው የሰዓሊ ስም የተለያየ ስለሆነ ኤርካሎ ለአሥራ አንድ ዓመት ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ኖረ። አንድ ቀን ለጠጠር ነጋዴ ማስታወቂያ ቋጥኝ ሊሥል ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የፈረሰኞቹ በረሃ ውስጥ የቋጥኙ ስንጥቅ ከላይ ሲወርድ ሦስት ቦታ ይሰበራል፤ ሦስተኛው ላይ አንዲት ጠጠር ልትወድቅ ተንጠልጥላለች። የዚያኛው ዓለም ቋጥኝም እንደዚያው ነው። ወደ ተሣሉት ሰዎች እጆች ሄደ፤ እዚህም እዚያም ትንሿ ጣት ከእኅቶቿ ትንሽ ትርቃለች። ያን ቀን ሥራ አልሠራም። ማታ ለሰገነት፣ አንድ ሰው ነው፣ አንድ እጅ ነው ብሎ ቢነግራት "ታዲያ ምን ይጠበስ?" አለችው።

ለእሱ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ሰውየው ፈረሰኞቹን ሲሥል ብሩሹን ቀለም አጥግቦ፣ ከፈረሱ ሆድ ሥር መስመሩን አወፍሮ፣ ጀርባው ላይ አቅጥኖ ነው፤ የፈረሱ ክብደት ይሰማሃል፣ አቧራው ጉሮሮህ ውስጥ ይገባል። ወደዚያኛው ዓለም ሲሻገር ግን ብሩሹን አስቀምጦ መርፌ የመሰለ ብዕር ያነሣል። መስመሩ ሁሉ እኩል ቀጭን፣ ጥላው በነጥብ የተሠራ። ኤርካሎ በአንድ ገጽ ያሉትን ነጥቦች ሊቆጥር ጀምሮ አራት ሺህ ላይ ሲደርስ ትቶታል። እንዲህ የሚሠራ ሰው ጸሎት ያውቃል ብሎ በልቡ ያስባል፤ ለማንም ግን ተናግሮት አያውቅም። ደግሞም ይህን ተረድቷል፦ ሰውየው የፈረስን ክብደት ስላወቀ ነው የሌለው ነገር ሰማይ ላይ ሲንሳፈፍ የምናምነው።

ባለፈው ክረምት ቤተ ክርስቲያኑ ከጥምቀት ገንዳው ኋላ ያለውን ግድግዳ እንዲሥል ሰጠው። እስራኤላውያንን በምድረ በዳ ሲሄዱ ሣለ። ቋጥኙን ከፈረሰኞቹ መጽሐፍ፣ ስፋቱን ከሌላው ወሰደ፤ ሕዝቡ ከሥር እንደ ጤፍ ተበትኖ ይታያል። ወንጌላዊ ታምራት ሲያየው ብዙ ቆየና "እዚህ ግድግዳ አጠገብ ድምፄን ከፍ አድርጌ መስበክ አፍራለሁ" አለ።

ነገሩን ያመጣው የልጅ ፍቅር ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ሶፊ አባቷ ከየት እንደተማረ ጓደኞቿ እንዲያዩ ብላ ከቃል አልባው መጽሐፍ አንድ ገጽ ፎቶ አንሥታ በመዘምራኑ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። ረጅም ካባ የለበሰ ሰው ብቻውን በሰፊ ሜዳ ጫፍ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ሁሉም "ተባረክ ጋሼ" አሉ። ከዚያ አንዱ ፎቶውን አጉልቶ ጠየቀ፤ ይሄ አንገቱ ላይ ያለው ጨሌ አይደለም እንዴ? ካባውስ ዱንጉዛ አይደለም? ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ሰንበር ነበረው። በአገሩ የባህል ልብስ በዱንጉዛ ማንም አይሰናከልም፤ ወንጌላዊው ራሱ በዘመን መለወጫው በጊፋታ ሰሞን የዱንጉዛ ክራባት ያስራል። ዱንጉዛ በአንድ ትከሻ ተጥሎ፣ ጨሌ በአንገት ሁለት ዙር ሲዞርበት ግን የአካባቢው ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል። የቃልቻ አለባበስ ነው።

ያም ቢሆን በወሬ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ እማማ ፈጠነች ባይኖሩ ኖሮ። እማማ ፈጠነች ከጉኑኖ ገጠር የመጡ፣ ካመኑ ገና ሁለት ወራቸው የሆነ ሴት ናቸው። አባታቸው ስመ ጥር ቃልቻ ነበሩ። ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ጨሌያቸው፣ የብረት ቀለበታቸውና ቀንዳቸው በቆዳ ከረጢት ታስሮ እማማ ፈጠነች ቤት ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ኖሯል። የፊታችን እሑድ ያንን ከረጢት በምእመናን ፊት እሳት ውስጥ ሊጥሉ ቃል ገብተዋል። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ማንም ለማንም አያቃጥልም። ባለቤቱ በገዛ እጁ ካልጣለው አይቆጠርም፤ የሌላውን ዕቃ እሳት ውስጥ የጣለ ሰው ሰረቀ ይባላል እንጂ አገለገለ አይባልም።

የእኅታቸው ልጅ ዘማሪት ናት፤ ፎቶውን አሳየቻቸው። እማማ ፈጠነች በማግስቱ በሚኒባስ ሶዶ ገብተው ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረቡ። ንግግራቸው አጭር ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ የሣለው ሰውዬ የእሱ ከቀረለት የእኔም ይቀርልኛል አሉ። ከረጢቱን ይዘው ይመለሳሉ፤ እሳቸውም ወደ ቀድሞው እምነታቸው ይመለሳሉ።

ኤርካሎ ይህን ሁሉ ሲሰማ ልቡ የመታው በሌላ ምክንያት ነው። ካባውን ያቀለመው ፈረንጁ ሰዓሊ አይደለም። እሱ ነው።

ይህን ሰገነት አታውቅም፤ ሶፊም አታውቅም። ኤርካሎ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ አመነ። ያመነ ዕለት ገብቶ የገዛ አባቱን፣ ማለት የኤርካሎን አያት፣ ጨሌ ከአንገታቸው ፈትቶ፣ ካባቸውን ከትከሻቸው አንሥቶ ደጅ ላይ አቃጠለው። አያቱ አላመኑም ነበር፤ ተው እንኳ አላሉም። በሩ ላይ ቆመው አዩ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖሩ፤ በአራቱ ወር ውስጥ ኤርካሎ ድምፃቸውን አልሰማም። ፎቶ የላቸውም። በሃያ ስድስት ዓመቱ መጽሐፉን ሲያገኝና ያ ብቻውን የቆመ ሰው ገጽ ላይ ሲደርስ፣ አንዲት የሆስፒታሉ ነርስ የመድኃኒት ጠርሙስ ጭላጭ ሰጥታው ነበር፤ አዮዲን ለቢጫው፣ ቀዩ የቁስል መድኃኒት ለቀዩ፣ ሐኪም ቤት ጂቪ የሚሉት ሐምራዊ መድኃኒት ሲደራረብ ለጥቁሩ። በላባ ጫፍ ቀባው። ጨሌውንም ጨመረ። ኃጢአት ይሁን ናፍቆት ያኔም አልለየውም፤ አሁንም አልለየውም።

ዓርብ ጠዋት ወንጌላዊ ታምራት ደወለለት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መንገዱን አሳየው። ፈረንጅ ስለ እኛ ጨሌ ምን ያውቃል፣ እንዲሁ ገጠመ እንላለን፤ እማማንም እናስረዳለን፤ መጽሐፉ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ነገሩ ይዘጋል። አንተ ምንም መናገር የለብህም አለው። ወጣቱ ወንጌላዊ ይህን ያለው ኤርካሎን ወዶ ነው፤ ግድግዳውንም ወዶ ነው። ኤርካሎ "እግዚአብሔር ይስጥህ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ተንበርክኮ ሊጸልይ አሰበና መጽሐፉን አድንልኝ ማለት አሳፈረው። "አንተ ታውቃለህ" ብቻ ብሎ ተነሣ።

በዘጠኝ ሰዓት ሦስት ሰዎች መጡ፤ ጋሽ ፍቅሬ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ከፊት፤ ወንጌላዊ ታምራት ቀጥሎ፤ እማማ ፈጠነች ከኋላ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው አጣፍተው። ሰገነት ሻይ ብታቀርብም ማንም አልነካውም። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይጨርስ አይቀምስም። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ መጻሕፍት ነበሩ። ጋሽ ፍቅሬ መነጽራቸውን ጠርገው የመጡበትን ትተው የፈረሰኞቹን ሳቡ።

ጋሽ ፍቅሬ የዳሞት ሶሬ ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው በትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ ፈረስ ሸልሞ ሜዳውን በግልቢያ የሚዞር ነበር፤ እሳቸውም እግራቸው እርካብ ከደረሰ ጀምሮ ጋልበዋል። ገጹን በዝግታ ገለጡ። አንዱ ላይ ቆሙ። ቁልቁለት የሚወርድ ፈረሰኛ ነው።

"ይህን የሣለው ሰው ከፈረስ ወድቆ ያውቃል" አሉ።

ወንጌላዊ ታምራት በምን እንዳወቁ ጠየቃቸው።

"ጆሮውን እይ። ፈረሱ ሊደናቀፍ ነው፤ ያወቀው ፈረሱ ብቻ ነው። ሰውዬው ገና ወሬ ላይ ነው።" ጣታቸውን አነሡ። "ያልወደቀ ሰው ይህን አያይም።"

ኤርካሎ ያንን ገጽ ሃያ ስድስት ዓመት አይቶታል፤ ጆሮውን አላየም። ጎንበስ ብሎ አየ። እውነት ነው። በዚያ ፍርሃቱ መካከል ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ።

ጋሽ ፍቅሬ ሁለተኛውን ሳቡት። ይሄኛውስ የማን ነው ብለው ጠየቁ። ኤርካሎም የዚያው ሰዓሊ እንደሆነ ነገራቸው።

"ስሙ ሌላ ነው እኮ።"

"ሁለት ስም ነበረው ጋሼ። ለፈረሱ አንድ፣ ለዚህኛው አንድ።"

"ሁለት ስም ያለው ሰው የማን አገልጋይ ነው?"

"ጳውሎስም ነበረው" አለ ኤርካሎ።

ጋሽ ፍቅሬ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ሊስቁ ነበር፤ እማማ ፈጠነች ስላልሳቁ ተዉት። የካባው ሰው ያለበት ገጽ ላይ ደረሱ። እማማ ፈጠነች ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡ። ጣታቸውን ወደ አንገቱ አስጠጉ፤ አልነኩትም። ከቴሌግራሙ ይልቅ እዚህ ቀለሙ ደብዝዟል፤ አዮዲኑ ወይቧል። ቢሆንም አለ።

"ጥቁር ሁለት፣ ቀይ አንድ፣ ጥቁር ሁለት" ብለው ቆጠሩ። "ሁለት ዙር። ልጅ ሆኜ በአባቴ ጭን ላይ ቁጭ ብዬ የቆጠርኩት ነው። ይህን ፈረንጅ ከየት ያመጣዋል?"

ወንጌላዊ ታምራት ጉሮሮውን ጠራረገ። እናታችን፣ አንዳንዴ ሳይታሰብ ይገጥማል ብሎ ጀመረ፤ ጨሌ በአፍሪካም በሌላውም አገር አለ፣ ሰዓሊውም መንገደኛ ሳይሆን አይቀርም አለ። መልካም ንግግር ነበር። ጋሽ ፍቅሬም አገጫቸውን ዝቅ ከፍ ማድረግ ጀምረው ነበር። እማማ ፈጠነች ግን አንዴ ወንጌላዊውን፣ አንዴ ጋሽ ፍቅሬን እያዩ ነው። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም። ብልጠት የተሠራባት ገጠሬ፣ ብልጠቱ ሲገባት፣ የምታሳየው ፊት ነው። ሊሄዱ ነው። ኤርካሎ ይህን አየ።

"እማማ" አለ። "የቀባሁት እኔ ነኝ።"

በር አጠገብ የቆመችው ሰገነት "ኤርካሎ" አለች።

ነገራቸው። አያቱን፣ በሩን፣ አራቱን ወር፣ የነርሷን ጠርሙሶች። በሕይወቱ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ወንጌላዊ ታምራት መሬት መሬት ያይ ነበር።

ጋሽ ፍቅሬ መጽሐፉን ወደ ኤርካሎ ገፋ አደረጉት። ከዚያ ነገሩ አጭር ነው አሉ። እስካሁን የፈረንጅ ዕቃ መስሎን ነበር፤ አሁን ግን ባለቤቱ ታውቋል። ማንም አይነጥቅህም፤ እሑድ አንተው በእጅህ ይዘህ ትመጣለህ፤ ከእማማ ፈጠነች ቀጥለህ ትጥላለህ። በዚያው ያልቃል። ይህን ሲሉ በቁጣ አልነበረም፤ ስለዚህም የባሰ ከበደው።

ኤርካሎ መጽሐፉን አየ። እሺ ማለት ልማዱ ነው። እሺ ሊል አፉን ከፍቶ ሌላ ወጣው።

"ጋሼ፣ ቀለሙ የእኔ ነው። ሰውዬው የእኔ አይደለም።"

"እንዴት?"

"መስመሩ የዚያ ሰው እጅ ነው። አባቴ የእሱ ያልሆነውን በእጁ አቃጠለ። እኔም የእኔ ያልሆነውን በእጄ ላቃጥል?"

ሻዩ ላይ ዝንብ አረፈች፤ ማንም አላባረራትም። የደንቡ ጠባቂ ጋሽ ፍቅሬ ናቸው፤ ደንቡ ደግሞ ዞሮ እሳቸውን ያዛቸው። መልስ የሰጡት እማማ ፈጠነች ናቸው።

"አፍህ ጥሩ ነው" አሉት። "እንግዲያው ያንተን ለይተህ አውጣና አቃጥል። የሱ ይቅር። እኔም አባቴን ከከረጢቱ ለይቼ ማውጣት ብችል ደስ ባለኝ።"

ፌዝ ነው። የማይሆን ስለሆነ ነው ያሉት። ቀለም ወረቀት ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ለይቶ ያወጣዋል? ኤርካሎ ራሱን አቀረቀረ። ሰገነት ግን ከበሩ ተንቀሳቀሰች።

"ይለቃል" አለች።

ሁሉም ዞሩ። ሰገነት ሆስፒታሉ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች። ጂቪ፣ አዮዲን፣ ቀዩ መድኃኒት፣ ከአንሶላ ላይ ያላስለቀቀችው የለም፤ በረኪና በውኃ ቀጥኖ፣ ቶሎ ነክቶ ቶሎ በማንሣት። ወረቀት ላይ ሞክራ አታውቅም፤ ይበሳ ይሆናል፣ የፈረንጁም መስመር አብሮ ይሄድ ይሆናል አለች። ይህን ስትል ባሏን አላየችም። መጽሐፉ ከቤት እንዲወጣ ከሁሉም በፊት የፈለገችው እሷ ነበረች።

"ይሞክር" አሉ ጋሽ ፍቅሬ።

ሰገነት በረኪናውን አመጣች። አንድ ክዳን ሙሉ በብርጭቆ ውኃ ላይ ጨመረች፤ የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠመጠመች፤ ከገጹ ሥር የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አደረገች። ጥጡን ነክራ ልትጀምር ስትል እማማ ፈጠነች እጃቸውን ዘረጉ።

"አንቺ አይደለሽም። እሱ።"

ሰገነት እንጨቷን ለባሏ ሰጠችው። ኤርካሎ እንደ ብሩሽ ያዛት። "አትሸው" አለችው ከጆሮው አጠገብ። "ንካና አንሣ። በውኃው ንካ። አድርቅ።" ከካባው ጫፍ ጀመረ። አዮዲኑ ወዲያው ጠፋ፤ እንዳልነበረ። ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ ምንም ሄደ። ጂቪው ግን እንቢ አለ። ደጋግሞ ነካው፤ ወረቀቱ ሲያብጥ አየና እጁን አነሣ። ሰገነት ጨርቁን ከሥር ቀየረች። ጨመር አድርግ፣ አይ በቃ፣ ጠብቀው አለችው። ሐምራዊው እንደ ጭጋግ እየሳሳ ሄደ፤ ከሥሩም ጥቁሯ መስመር፣ ቀጭኗ፣ ሳትነቃነቅ ወጣች።

ከመስመሯ ቀጥሎ ሌላ መስመር ነበር፣ ከዚያም ሌላ፤ ካባው ላይ ነፋስ የጻፋቸው። በሃያ ስድስት ዓመቱ ገና በመጀመሪያው ማታ የደፈናቸው። ነጥቦቹ መጡ፤ ከትከሻው ወደ ወገቡ እየበዙ፣ ከወገቡ ወደ ታች እየሳሱ። ከካባው ጫፍ ሥር ደግሞ፣ ጂቪው በጣም የወፈረበት ቦታ፣ አንድ ተረከዝ ከመሬት ተነሥቷል።

ኤርካሎ ሥራውን አቆመ።

"ምነው?" አሉ ጋሽ ፍቅሬ።

"ቆሞ አይደለም" አለ። "እየሄደ ነው።"

ጋሽ ፍቅሬ አጎንብሰው አዩ። "አዎ፣ ሊረግጥ ነው" አሉ። የፈረስ እግር ሲነሣ አይተው የኖሩ ሰው ናቸውና ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ሰው እንደ አያቱ በር ላይ ያቆመው እሱ ራሱ ነበር። ሰዓሊው እንዲሄድ ሠርቶታል፤ እሱ ደግሞ የአያቱን ካባ አልብሶ አቆመው። ይህን አሰበና ዓይኑ እንዳያስቸግረው ጨፈን አድርጎ ከፈተ። አሁን የቀረው ጨሌው ነው። እንጨቷን ነክሮ ከአንገቱ በላይ ያዛት። አልወረደችም። ጥጡ ጫፍ ላይ ጠብታው እየወፈረ ነበር፤ ካልነካ ራሱ ይወድቃል፣ ከወደቀ ፊቱን ያጠፋዋል።

"አንገቱ ላይ ቀርቷል" አሉ እማማ ፈጠነች። ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"አዎ እማማ።"

"ስማቸው ማን ነበር?"

ነገራቸው። እማማ ፈጠነች ስሙን በራሳቸው አፍ ደገሙት፤ ለቅሶ ቤት ስም እንደሚደገም። ኤርካሎ እጁን አወረደ። ጥቁር ሁለት፣ ቀይ አንድ፣ ጥቁር ሁለት፤ አንድ በአንድ ነካቸው። የመጨረሻዋ ላይ ወረቀቱ የማሽላ ፍሬ ያህል ተበሳ። ከጨሌው ሥር ሦስት አጫጭር መስመሮችና ንጹሕ ነጭ ብቻ ነበሩ፤ ሰዓሊው ምንም ሳይጨምር የተወው ነጭ።

የረጠበውን ጥጥ ሁሉ፣ ሐምራዊውንም ሮዙንም፣ ሰገነት በወረቀት ጠቀለለችና ለኤርካሎ ሰጠችው። ጋሽ ፍቅሬ ጥቅሉን አመለከቱ፤ እሑድ ይዘኸው የምትመጣው ይህን ነው አሉ። ከዚያ ወደ እማማ ፈጠነች ዞረው ይህ ይበቃቸው እንደሆነ ጠየቋቸው።

እማማ ፈጠነች ገጹን አዩ፤ ቀዳዳዋን፣ ከዚያ የተነሣውን ተረከዝ።

"እኔ ካመንኩ ገና ሁለት ወር ነው" አሉ፤ የተናገሩት ለኤርካሎ ብቻ ነው። "ሌሊት ሌሊት አባቴ ከከረጢቱ የሚጠራኝ ይመስለኛል። እሑድ እጄ እንቢ ሊለኝ ይችላል። ከጎኔ ቁም። እንዳትጥልልኝ። ቁም ብቻ።"

"እቆማለሁ" አለ።

ሰገነት መጽሐፉን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። ኤርካሎ ከለከላት። ገጹ ገና እርጥብ ነው፤ ከተዘጋ ከወዲያኛው ገጽ ይጣበቃል። እጁን በሁለቱ ቅጠሎች መካከል አስገብቶ፣ ሰዎቹ ጫማቸውን እያደረጉ ሲወጡ እንኳ ሳይነሣ፣ እስኪደርቅ ያዘው።